በጀልበኛው ንግግር መሀል ስለገባው የጥርስ ሳሙና

ለተከበሩ የፊልምና ድራማ ማሳያ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የመላ ቤተሰብዎን ደኅንነትና የባለአክሲዮኖችዎን ሰላማዊ እንቅልፍ ከልብ እየተመኘሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ እውነቱን ከጠየቁኝስ ጨንቆኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤ በጤና ምኞት ይጀመራል ተብዬ ስላደግሁ፣ ጨነቀኝ ብዬ ሥርዓት አላፈርስም።

ድርጅትዎ የሚያውቀኝ "ውድ ደንበኛችን" በሚል ስም ነው። በሰፈሬ ግን መጋረጃ ሰፊዋ እባላለሁ። የምሠራው እዚያው በምንኖርበት ክፍል፣ በመስኮቱና በባለቤቴ አልጋ መካከል ባስቀመጥኳት የስፌት መኪና ነው፤ ጨርቁ ረጅም ሲሆን ጫፉን በአልጋው ግርጌ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ባለቤቴም በደኅናው እጁ ይዞ ያግዘኛል። ቴሌቪዥኑ ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እርስዎ በዚህ ግድግዳ በኩል በየቀኑ ቤታችን ይመጡ የነበሩ እንግዳ ስለሆኑ፣ የሚያውቁትን ክፍል መልሼ በማሳየት ባደክምዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ተሳፋሪዎቹ "ራዲዮ" ይሉት ነበር፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ፌርማታ አፉ አይዘጋምና። ለሚሳፈረው ቀልድ፣ ለሚወርደው ምክር፣ መቀመጫ አጥቶ ለቆመው ደግሞ ማጽናኛ አያጣም ነበር። ቤት ሲገባ የተረፈውን እኔ እሰማለሁ፤ "ኧረ እባክህ ጆሮዬን አሳርፈው" እለዋለሁ። ጆሮ ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያስር ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሰነፉ፣ አፉም ከዳው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ምላሳቸው አዳልጧቸው ለሚዋረዱ ሰዎች እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛ ቤት ግን ተረቱ በቁሙ ደረሰ። ሁሉም ነገር ይገባዋል። ሰው ሲመጣ ይለያል፣ ልኬት ስሳሳት ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል፤ ቃል ብቻ አይወጣለትም። ውሃ ለመጠየቅ እንኳ "እ... እ..." ይልና ራሱ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ራዲዮ ተብሎ የኖረ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል፤ በዚህ ረገድ እኔም እንደሱ ነኝ።

ድርጅትዎ ቤታችን የገባው በዚህ ጊዜ ነው። የሞባይል መሸጫ ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ልጃችን፣ አባቷ ጣሪያ ሲቆጥር እንዳይውል ብላ አስመዘገበችን። ስንከፍተው እኔና እሱ አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ የራሳችን ቴሌቪዥን ስላልነበረን ጎረቤት ቤት ተኮልኩለን ያየነውን ያንን የጀልበኛውን ድራማ አገኘነው። ሰዎችን ወንዝ ስለሚያሻግር አንድ ነጭናጫ ጀልበኛ የሚያወራ፣ ማለቂያ የሌለው ድራማ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልበኛው እንደ ልማዱ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ "ማዶ ማን ቆሟል?" ሲል፣ ከአልጋው በኩል ሌላ ድምፅ አብሮት "ማዶ ማን ቆሟል?" አለ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ዞር ስል ባለቤቴ የገዛ ድምፁን ሰምቶ ደንግጦ እኔን ያያል።

ሆስፒታል ንግግር የምታለማምደው ሐኪም ስነግራት አልገረማትም። "አይግረምዎት እማማ፣ የራሱን ቃል ፈልጎ ማውጣት የማይችል ሰው ድሮ በቃሉ የያዘው ሊወጣለት ይችላል፤ በየቀኑ ያሳዩት፣ የተዋናዩን ከንፈር እየተከተለ አብሮ ይበል" አለችኝ። እኛም አሳየነው። ቃል ገባ ማለት ይህ ነው ክቡር ሆይ፤ እናንተ በማስታወቂያችሁ የምትገቡትን ማለቴ አይደለም፣ ሰው አፍ ውስጥ ተመልሶ የገባውን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምተው እንዳይስቁብን እለምናለሁ፣ ቢስቁም አልቀየምም። ባለቤቴ የጀልበኛውን ንግግር ለራሱ ጉዳይ ያውለው ጀመር። "ገመዱን ፍቱልኝ" ካለ ከአልጋው መነሳት ፈልጓል። "ማዶ ማን ቆሟል?" ካለ በሩ ተንኳኩቷል፣ ማን እንደመጣ ንገሩኝ ማለቱ ነው። "ውሃው ዛሬ ልብ የለውም" ካለ ሾርባው አልጣመውም። ጎረቤታችን ኤሌክትሪሺያኑ ሊጠይቀው የመጣ ቀን "ገመዱን ፍቱልኝ" ቢለው፣ ሰውዬው የአልጋውን ሥር በእጅ ባትሪ ሲፈትሽ አግኝቼዋለሁ። እንዲህ እየሳቅን ቋንቋ አበጀን። ከሁሉም የምንጠነቀቅላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። ጀልበኛው በጎርፍ ቀን ወንዙ መሀል ሳለ "ጀልባዋ ውሃ አስገባች!" ብሎ የሚጮኸውን ባለቤቴ ያመመው ጊዜ ይለዋል። ይህን ስሰማ ክሩን በመርፌው ላይ እንዳለ ትቼ እነሳለሁ።

ድርጅትዎ ሳያስበው ለሠራልን ለዚህ ሁሉ ውለታ እጅግ አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ እንዲመችዎ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ። ልምዴን ለማሻሻል ሲባል ዋጋ እንደተስተካከለ የሚገልጸው መልእክትዎ ደርሶኛል። ማስተካከል ሲባል የጎበጠ ነገር የሚቃና ይመስለኝ ነበር፤ በእኔ ሙያም መጋረጃ ሲስተካከል ይቆረጣል እንጂ አይረዝምም። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ማስተካከያ መጣ፣ ሦስተኛውም ተከተለ። በየጊዜው የተሻሻለውን ልምድ እኔም ባለቤቴም ፈልገን ስላጣነው፣ ምናልባት በስህተት ሌላ ቤት ደርሶ ከሆነ እንዲጣራልን በትህትና አመለክታለሁ። የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎችም ይህንኑ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አንዱ "እኔስ ዘጋሁት፣ የጎረቤቴ ጠብ ይበቃኛል፣ እሱ በነፃ ነው" አለ። እኔ ግን የምዘጋበት አቅም አልነበረኝም።

ሁለተኛ። ልጄ ባል አግብታ ሁለት መንገድ ተሻግራ ስለምትኖር የቤተሰባችን አባል አለመሆኗን በመልእክት ስላሳወቁን እናመሰግናለን። "ይህ መሣሪያ ከቤተሰብዎ ውጭ ነው" ይላል ጽሑፉ። አባቷን እሷ ቤት ባሳደርንበት ቀን ጀልበኛው በእሷ ቴሌቪዥን አልከፈት አለ፤ ባለቤቴም ያን ቀን ምንም ሳይናገር ዋለ። ልጄ ሳቅም ንዴትም ይዟት "እማዬ፣ ከነዚህ ሰዎች መልስ እስኪመጣ አባዬን አባዬ ብዬ ልጥራው ወይስ ልጠብቅ?" አለችኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩበትን ማስረጃ የት ቢሮ እንደማቀርብ ቢጠቁሙኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛ። ዋጋው ከአቅሜ ሲያልፍ፣ ማስታወቂያ ወዳለበት ርካሽ ጥቅል እንድወርድ በደግነት መከሩኝ። ወረድኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው ስላለኝ ወንበርዎን እንዲያመቻቹ እጠይቃለሁ።

ማስታወቂያ አልጠላም። ሰው ዕቃውን ይሸጣል፣ እኔም መጋረጃ እሸጣለሁ። ነገር ግን እኔ መጋረጃዬን የምሸጠው ሰው አፉን ከፍቶ "ልጄ ታሞብኛል" ሊል ሲል መሀል ገብቼ አይደለም። ድርጅትዎ የሰው ልብ የሚንጠለጠልበትን ቦታ የሚያውቅ ማሽን አለው አሉ። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ከጀልበኛው ድራማ ሁሉ መርጦ ያገኘው ያንኑ የጎርፉን ቀን ነው። ወንዙ ይጮኻል፣ ጀልበኛው ቁልቁል እግሩ ሥር ያያል፣ አፉን ይከፍታል፣ "ጀልባዋ..." ይላል። በዚህ ጊዜ አንዲት ጥርሰ መልካም ሴት ከጀልበኛው ድምፅ ሁለት እጥፍ ጮኻ "ነጭ ጥርስ፣ ንጹሕ ሳቅ!" ትላለች። ድራማው ከተቋረጠበት ስለማይቀጥል፣ ሴትየዋ ጨርሳ ስትሄድ ጀልባዋ ዳር ደርሳለች፣ ዓረፍተ ነገሩም አልፏል። ባለቤቴ የሚናገረው የሰማውን ተከትሎ እንደሆነ ነግሬዎታለሁ። ከጀልበኛው አፍ ቀጥሎ በየቀኑ የሚመጣው የሴትየዋ ድምፅ ሲሆን፣ የሱም አፍ ወደሷ ሄደ።

መጀመሪያ "ነጭ ጥርስ፣ ንጹሕ ሳቅ" ያለ ቀን እኔና ልጄ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀ። ልጄ የጥርስ ብሩሹን አምጥታ እንደ ማይክራፎን አፉ አጠገብ ያዘችለት። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባለ ቁጥር ብሩሹን እያመጣሁ ጥርሱን አጥብለት ጀመር፤ በቤታችን ወግ እያንዳንዱ ንግግር ጉዳይ አለውና፣ ለዚህኛውም ጉዳይ ሰጠነው። "ጀልባዋ ውሃ አስገባች" የሚለው ከአፉ መጥፋቱን ግን ልብ አላልንም። ደግሞስ ደኅና ስለሰነበተ እንጂ ቃሉ ስለጠፋው ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የደረሰብን ዕለት የአንድ መሥሪያ ቤት መጋረጃ ማድረስ ነበረብኝ። ወፍራም ጨርቅ ነው፣ መርፌ ይሰብራል። ጠዋት ቁርሱን ካበላሁት በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼው ስሰፋ "ነጭ ጥርስ፣ ንጹሕ ሳቅ" አለ። "አሁን ታጥበህ የለ እንዴ?" አልኩት። ደገመው። ሰለቸኝና ተነሳሁ፤ ብሩሹን፣ ውሃውንና ሳፋውን ይዤ መጥቼ አጠብኩት። በደኅናው እጁ ገፋኝ። "አንተው ጠይቀህ አንተው ትቆጣለህ? ክፈት እንጂ!" አልኩት። ከፈተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳሙናው አቃጥሎት መስሎኝ በደንብ አጉመጠመጥኩትና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እንደገና አለው፣ ጮክ ብሎ። እንደገና አጠብኩት። ከዚያ በኋላ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፣ በመጨረሻም ዝም አለ። እኔም "ጎሽ፣ አሁን አሠራኸኝ" ብዬ መጋረጃውን ጨረስኩ።

ልጄ ከሥራ ስትመጣ አባቷን ልትስም ጎንበስ ብላ ጮኸች። ፊቱ በላብ ርሷል፣ ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ሆዱ ተነፍቶ ድንጋይ ሆኗል። ሽንቱ ተዘግቶበት ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ። ኤሌክትሪሺያኑ በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ቱቦ ካስገባለት በኋላ ወደኛ ዞሮ "ይህን ያህል እየታመመ እንዴት ዝም አለ? ትንሽ ቢቆይ ኩላሊቱ አልቆለት ነበር" አለን። ልጄ እኔን አየች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ባለቤቴ ዝም አላለም ክቡር ሆይ። ቀኑን ሙሉ ሲናገር ነበር የዋለው፤ በቀረለት ቃል፣ እናንተ በሰጣችሁት ቃል ተናግሯል። እኔም ለሚጮህ ሰው ጥርሱን ሳጥብ ዋልኩ።

ቁጥሬ የት ላይ እንደደረሰ ጠፋኝ። አራተኛ ይሁን፣ ወይም ቁጥር አይኑረው።

ልጄ በዚያው ሰሞን ተናድዳ ደንበኝነታችንን ዘጋችው። "እማዬ፣ ከዚህ ወዲያ እነዚህ ሰዎች እዚህ ቤት አይገቡም" አለች፤ እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ይህ ነው። ጀልበኛው ሲጠፋ ንግግሩም ተከትሎት ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ "ውሃው ዛሬ ልብ የለውም" ጠፋ፤ አሁን ሾርባው ባይጥመውም ዝም ብሎ ይውጠዋል። ቀጥሎ "ገመዱን ፍቱልኝ" ሄደ። እኔ ራሴ ጀልበኛውን ለመሆን ሞክሬያለሁ፤ አልጋው ፊት ቆሜ፣ የመጋረጃ ዘንግ እንደ መቅዘፊያ ይዤ፣ በአሮጊት ድምፄ ጮኼያለሁ። ከንፈሬን አየና በጣም አዘነልኝ። አብሮኝ ግን አላለም። አሁን የቀረችው "ማዶ ማን ቆሟል?" ብቻ ናት። በሩ ሳይንኳኳ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጠይቃል። "ማንም የለም፣ እኔ ነኝ ያለሁት" እለዋለሁ። መልሶ ይጠይቀኛል። ይህችም የሄደች ቀን ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ እፈራለሁ።

ለምን በድብቅ የተቀዳውን ከመንገድ አልገዛሽም ይሉኝ ይሆናል። ለእርስዎ ሲባል የማልለው ነገር ቢሆንም፣ ጭንቅ ነውና ሞክረነዋል። ኤሌክትሪሺያኑ በፍላሽ አምጥቶልን ነበር። በዚያኛው ላይ የጀልበኛው ከንፈር መጀመሪያ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ባለቤቴ ከንፈሩን ይከተል ድምፁን ግራ ገባው፤ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ፍላሹን መልሼ ሰጠሁ። ስለዚህ ሌባው እንኳ እንደ እናንተ አልጠቀመኝም፣ ይህን ምስጋና በመዝገብዎ እንዲያሰፍሩልኝ እለምናለሁ።

ወደ ደንበኞች አገልግሎትዎም ደውያለሁ። ብዙ ሙዚቃ ካሰማችሁኝ በኋላ አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። ጉዳዬን ሁሉ ነገርኳት፣ ከጫማው ክር ጀምሬ። ከዚያ "ውድ ደንበኛችን፣ ለመዝናኛዎ እኛን ስለመረጡ እናመሰግናለን፣ ማስታወቂያ የሌለውን ከፍተኛውን ጥቅል ልጠቁምዎት" አለችኝ። እሺ፣ ቀን ከሌት ሰፍቼ እገዛዋለሁ አልኳት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እማማ፣ አልዋሽዎትም፣ ያ ድራማ ላይ በከፍተኛውም ጥቅል ማስታወቂያ አለ፣ ከባለመብቶቹ ጋር ያለ ስምምነት ነው፤ ከታች በትንሹ ተጽፏል" አለችኝ። በቃ ድራማውን ራሱን ሽጡልኝ፣ ዕቃ አድርጌ ቤቴ ላስቀምጠው አልኩ። "አይሸጥም እማማ። እኔም ሠራተኛ ሆኜ በማስታወቂያው ነው የማየው" አለችና፣ ድምፅዋን መልሳ ከፍ አድርጋ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ይህችኛዋ ላም ግን በየወሩ መኖ ታስከፍላለች። ልጅቷን ግን አደራ እንዳይቀጧት። ከድርጅትዎ በሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረች ሰው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዋጋውን ቀንሱልኝ አልልም፣ ያ ለእኔ የሚታሰብ ክብር አይደለም። ልጄን ወደ ቤተሰቤ መልሱልኝም አልልም፣ በራሷ እግር እየመጣች ነው። የምለምነው ከአንድ ድራማ፣ ከአንድ የጎርፍ ቀን፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ሴትየዋን ዘወር እንድታደርጉልኝ ነው። ከፈለጋችሁ ማስታወቂያውን ሁሉ ድራማው ከመጀመሩ በፊት በተከታታይ ልቀቁት፤ ባለቤቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጆሮውን በትራስ ሸፍኜ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር አያለሁ። የጥርስ ሳሙናውን እገዛለሁ። ለጎረቤትም አስገዛለሁ። ማየቴን የሚያረጋግጥ ሰው ብትልኩ ወንበር አቀርብለታለሁ። ብቻ ጀልበኛው የጀመረውን ይጨርስ፣ ባለቤቴም ሲያመው አመመኝ ማለት ይቻለው። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እባክዎ፣ እባክዎ።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው ይህን ረጅም ደብዳቤ ያለምንም የማስታወቂያ ዕረፍት እስከዚህ ድረስ ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የሚያምዎትን የሚናገሩበት አንደበትም አይንሳዎት፣ ሲናገሩም የሚሰማዎ አይጡ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በተደጋጋሚ የተስተካከለችው ታማኝ ደንበኛዎ፣
የራዲዮ ሚስት፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው ከድርጅትዎ አንድ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። "ናፍቀውናል! ዛሬውኑ ይመለሱ" ይላል። ባለቤቴ ከታመመ ጀምሮ ናፈቅሽኝ የሚለኝ ሰው አልነበረምና፣ አነበብኩት፣ መልሼም አነበብኩት፣ አለቀስኩም። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳሁና ለልጄ ሳልነግር ከፈልኩ፣ ያንኑ ማስታወቂያ ያለበትን። ሰው የታገተበት ቤተሰብ ዋጋ አይከራከርም። የባለቤቴ ድምፅ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ እስክትለቁልኝ ድረስ እባክዎ ደኅና አድርገው ይያዙልኝ።